ጅማ ላይ ቁርስ፦ በየትኛው ሰፈር፣ በስንት ሰዓት፣ ምን ብሎ አዝዞ

ጅማ ላይ «ቁርስ የት ልብላ?» ተብሎ የተጠየቀ የከተማው ሰው መልሶ ሁለት ነገር ይጠይቃል፦ ምን አማረህ? በስንት ሰዓትስ ትወጣለህ? ፉሉ የሚያስመሰግን ቤት ማኪያቶው አይጠጣም። ማኪያቶው የሚወደድለት ካፌ ጨጨብሳውን ትናንት በተጋገረ ቂጣ ይሠራዋል። ቡናው ደግሞ ከሁለቱም ይልቅ መንገድ ዳር ከሰል ላይ ከተጣደው ጀበና ይሻላል። ስለዚህ የመጀመሪያው ውሳኔ ይህ ይሁን፦ ምግቡን አንድ ቦታ፣ ቡናውን ሌላ ቦታ። አንድ ወንበር ላይ ተቀምጬ ሁሉንም ልጨርስ ያለ ሰው ከሁለቱ አንዱን ማጣቱ አይቀርም።

እዚህ የቤት ስም አንዘረዝርም። በኮሪደር ልማቱ ምክንያት መንገድ ዳር የነበሩ አንዳንድ ቤቶች ቦታ ቀይረዋል። ያልተነኩትም ቢሆኑ ወጥ ሠሪዋ ስትለቅ ስማቸውን ብቻ ይዘው ይቀራሉ። ቤት መለየት የቻለ ሰው በየትኛውም ዓመት ቢመጣ አይቸገርም።

ቀኑን አይተው ይውጡ

ማለዳ የትኛው ቤት ክፍት እንደሆነና ምን እንደሚያወጣ የሚወስነው ቀኑ ነው። ረቡዕና ዓርብ የክርስቲያን ምግብ ቤቶች ጨጨብሳቸው በዘይት፣ ፍርፍራቸው የጾም ይሆናል፤ ከፋሲካ በኋላ ባሉት 50 ቀናት ግን ይህ የለም። በዐቢይ ጾም 55 ቀናትና በነሐሴው ፍልሰታ ደግሞ ጠበቅ አድርገው የሚጾሙ ደንበኞች ጠዋት ስለማይመጡ አርፍደው የሚከፍቱ ቤቶች ያጋጥማሉ። በእነዚህ ቀናት ቅቤ፣ እንቁላልና ወተት የሚፈልግ በቀጥታ ወደ ሙስሊም ቤቶች ይሂድ። ጾመኛው ደግሞ ፉል በዘይት፣ ቅንጬ በዘይትና የጾም ፍርፍር ያገኛል። ካፌዎች ላይ ለውዝ ሻይም ይጠይቁ፤ ትኩስ ሆኖ ሲመጣ ማኪያቶ ያስረሳል።

በረመዳን ነገሩ ይገለበጣል። የሙስሊም ቤቶች ቀን ላይ ዝግ ናቸው፤ ፉልና ፈቲራ ፍለጋ ገበያ ሰፈር መውረድ ትርፉ ድካም ነው። ያኔ ክፍት የሚሆኑት ካፌዎች፣ ሆቴሎችና የክርስቲያን ምግብ ቤቶች ናቸው። ረመዳን በየዓመቱ 10 ወይም 11 ቀን እየቀደመ ስለሚመጣ «ባለፈው ዓመት በዚህ ወር ክፍት ነበር» የሚለው ሒሳብ አያዋጣም። ደግሞ በዚያ ወር ሳምቡሳ ይዞ መንገድ ላይ እየበሉ መሄድ ባይከለከልም ደስ አይልም፤ ቤት ገብተው ይብሉ።

ሐሙስ የገበያ ቀን ነው። ከማና፣ ከቀርሳ፣ ከዴዶና ከሰቃ ጨቆርሳ ገበሬው በማለዳ ስለሚገባ የገበያው ዙሪያ ሻይ ቤቶች ቀድመው ይሞላሉ፤ ፉሉም ከወትሮው ቀድሞ ያልቃል። ግርግር የማይወዱ ሐሙስን ካፌና ሆቴል ወዳለበት ሰፈር፣ ወደ ፈረንጅ አራዳ ያድርጉት። እሑድ ደግሞ ከቅዳሴ መልስ ያለው ሰዓት ስለሚጨናነቅ፣ ወይ ቀደም ይበሉ፣ ወይ ዘግየት ይበሉ።

የስጋ ነገር እዚሁ ላይ ይጠቀስ። ቤቱ የየትኛው እምነት እንደሆነ ሲገቡ ይታያል፦ ግድግዳው ላይ የመካ ሥዕል፣ ጨረቃና ኮከብ ወይም «ቢስሚላህ» ካለ የሙስሊም ነው፤ መስቀል ወይም የቅዱሳን ሥዕል ካለ የክርስቲያን። ካልታየዎት አስተናጋጁን ቢጠይቁ ማንም አይቀየምም። ሁለቱም እምነት ያለበት ጓደኛሞች አብረው ሲወጡ ከስጋ የራቀ ነገር፣ ማለትም ፉል፣ ጨጨብሳ ወይም እንቁላል ይዘዙ። አንዱ በልቶ ሌላው ሻይ ይዞ ከሚያይ ይሻላል።

ሰዓትና ሰፈር

ከ12 ሰዓት ጀምሮ መናኸሪያ አካባቢ ነቅቷል። ሻይ፣ ፓስቲ፣ ቦምቦሊኖና ሳምቡሳ ያገኛሉ። እዚያ መለያው ዘይቱ ነው። የማለዳው የመጀመሪያ ጥብስ ወርቃማ ሆኖ ይወጣል፤ እየቆየ ዘይቱ ሲጠቁር ሳምቡሳው ውጪው ቡናማ፣ ውስጡ ጥሬ ይሆናል። ብረት ድስቱን አንዴ አየት ማድረግ ይበቃል።

ከ1 ሰዓት እስከ 2:30 የገበያ ሰፈሮቹ የሂርማታና የመርካቶ ሰዓት ነው። ፉልና ፈቲራ እዚህ ነው የሚበሉት፤ ወንበሩ አግዳሚ፣ ጠረጴዛው የጋራ፣ አስተናጋጁ ቸኳይ ነው። ከ3:30 በኋላ ከሄዱ የሚያገኙት የድስት ግርጌ ነው።

ከ1:30 እስከ 4 ሰዓት ፈረንጅ አራዳ ይመቻል። ካፌዎቹና ሆቴሎቹ ጠረጴዛቸው ሰፊ ስለሆነ ቤተሰብ ይዞ ለመቀመጥ፣ ሰው ለማግኘት፣ ኬክና ማኪያቶ ለሚወድ ልጅ ይሆናል። የሆቴል ቡፌ ግን ከመኝታው ጋር የተከፈለ ካልሆነ በስተቀር ገንዘቡን አያወጣም፤ ክዳን ሥር የቆየ እንቁላልና የቀዘቀዘ ፍርፍር ለማግኘት የሦስት ሰው የፉል ሒሳብ አይከፈልም።

ዩኒቨርሲቲው ዋና ግቢና ሆስፒታሉ ዙሪያ ያሉት ቤቶች ለተማሪና ለአስታማሚ የተሠሩ ናቸው። ሰሐኑ ይሞላል፣ ሒሳቡ ይቀላል፣ ጣዕሙ እንደ ወጥ ሠሪው ነው። እዚያ የሚታመነው ትኩስ የሚሠራው ነገር ነው፦ እንቁላል ፍርፍር፣ ስልስ፣ እንቁላል ሳንድዊች። ክፍል ከመግባታቸው በፊት ባለው ግማሽ ሰዓት ግን ወረፋው ስለሚያሰለች ተማሪው ከገባ በኋላ ይድረሱ።

ወደ ጅሬን የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት ለማየት የሚወጣ ሰው ከተማ በልቶ ይውጣ። ዳገቱን በባዶ ሆድ ጀምሮ «እዚያ አንድ ነገር አላጣም» ማለት አያስፈልግም።

የጅማ ዝናብ ረጅም ነው፤ ከመጋቢት ገደማ ጀምሮ እስከ ጥቅምት ይሄዳል፣ ጠዋቱም ጉም ያለበት ቀዝቃዛ ነው። ውጪ የተዘረጋ ወንበር ከመምረጥዎ በፊት ሰማዩን ይዩ። ባጃጅ ሲይዙ ኮንትራት ይሁን በሰው የሚጭን መጀመሪያ ይነጋገሩ፤ ጭቃ ቀን ዋጋው ከወረዱ በኋላ ነው የሚያድገው።

ቤቱን በር ላይ መለየት

ገብተው ከመቀመጥዎ በፊት ሁለት ደቂቃ ይቁሙ። የነጠረ ቅቤ ሽታ ከኮረሪማና ከኮሰረት ጋር ሲመጣ ያስታውቃል፤ የከረመ ቅቤ ደግሞ ከበር ላይ አፍንጫ ይይዛል። የእጅ መታጠቢያው ላይ ውኃና ሳሙና ካለ ወጥ ቤቱም ውስጥ አለ ማለት ነው፤ ከሌለ የምግብ ዝርዝሩን ማንበብም አያስፈልግም። ቀጥሎ ሰው ፊት ያለውን ሰሐን ይቁጠሩ። ከአሥሩ ሰባቱ አንድ ዓይነት ምግብ ከያዙ እርስዎም ያንኑ ይዘዙ።

ከሁሉ የሚበልጠው መለያ ግን «አልቋል» የሚለው ቃል ነው። 3:30 ላይ «ፉል አለ?» ሲሉ «አልቋል ወንድሜ» የሚልዎት ቤት ነገ በጠዋት የሚሄዱበት ነው። ቀኑን ሙሉ ሁሉም ነገር ያለው ቤት የትናንቱን እያሞቀ ነው።

ጨጨብሳ

ጅማ መጥቶ አንድ ጠዋት ብቻ ያለው ሰው ጨጨብሳ ይብላ። ቅቤውም ማሩም ከዙሪያው ወረዳ የሚመጣ ስለሆነ ምግቡ እዚህ አገሩ ነው። ነገር ግን ከቤት ቤት በጣም ሲለያይ የሚታየውም እሱ ነው።

በደንብ ሲሠራ እንዲህ ነው፦ የጤፍ ወይም የስንዴ ዱቄት ሳይቦካ ይለወስና ስስ ቂጣ ሆኖ ምጣድ ላይ ይጋገራል። ገና እንደሞቀ በአውራ ጣት ጥፍር መጠን ይቆራረሳል። ንጥር ቅቤ ከበርበሬና ከጨው ጋር ለስለስ ባለ እሳት ላይ ይቀልጥና ቂጣው ይገባበታል፤ እየተገላበጠ እያንዳንዱ ቁራሽ ቀይ እስኪሆን ይታሻል። ትኩስ ቂጣ ቅቤውን ጠጥቶ ስለሚጨርስ ሰሐኑ ግርጌ ላይ ምንም አይቀርም።

የሚበላሸው በአራት መንገድ ነው። ቂጣው የትናንት ከሆነ ውጪው ቅባት፣ መሐሉ ደረቅ ይሆናል፤ ሲነከስ ይታወቃል። ቂጣው ቀዝቅዞ ቅቤው ከተጨመረ ቅቤው አይገባበትም፣ ሰሐኑ ሥር ይጠራቀማል። በርበሬው ቅቤ ውስጥ ሳይበስል ላዩ ላይ ከተነሰነሰ ጉሮሮ ይይዛል። አራተኛው ቅቤው ራሱ ነው። ይህን ለማወቅ ሰሐኑ ዳር ላይ ትንሽ አስቀርተው እስኪቀዘቅዝ ይጠብቁ። በሰሐኑ ጠርዝ ቢጫ ሆኖ የረጋው፣ ሽታውም የሚቀጥለው ቅቤ ነው። ነጭ ሆኖ ሽታ የሌለው ከረጋ የሚረጋው ዘይት ተቀላቅሎበታል። ጭራሽ ካልረጋ ፈሳሽ ዘይት ነው። በጾም ቀን ዘይት መሆኑ ጥፋት አይደለም፤ በቅቤ ሒሳብ ሲያስከፍሉ ግን ይናገሩ።

ሲያዝዙ «ጨጨብሳ» ብቻ ብለው አያቁሙ። እንዲህ ይበሉ፦ «ቂጣው አሁን የሚጋገር ከሆነ አንድ ጨጨብሳ፣ በንጥር ቅቤ፣ በርበሬው ቀለል ይበል፣ ማሩ ለብቻው።» ቂጣው አሁን የሚጋገር ከሆነ 20 ደቂቃ ያህል ያስጠብቅዎታል፤ በአምስት ደቂቃ ከመጣ መልሱን አግኝተዋል። ማሩን ለብቻው ማለት ያስፈለገው ከላይ ሲፈስ ቂጣውን ስለሚያላቁጠው ነው። «ስፔሻል» የሚባለው ብዙውን ጊዜ እንቁላል ወይም እርጎ ሲጨመርበት ነው። ምን እንደሚጨምሩ ሳይጠይቁ አይዘዙት፤ እንቁላሉ ላዩ ላይ ሲመጣ ጨጨብሳው ይረጥባል። አንድ ሰሐን ለሁለት መካከለኛ በሊታ ይበቃል። ለብቻ የጨረሰው ሰው እስከ ማታ ምግብ አይጠይቅም።

ስለ ማሩ አንድ ነገር፦ ቀዝቃዛ ጠዋት ላይ የረጋና የተጠጣጠረ ማር ሲመጣ ስኳር የተቀላቀለበት መስሏቸው የሚመልሱ አሉ። ማር ሲቀዘቅዝ መርጋቱ የባሕርዩ ነው። ቀለሙም አያሳስትዎ፤ ከገተማ አበባ የተሰበሰበው የደቡብ ምዕራብ ጫካ ማር ነጭ ነው።

ፉል

ፉል የሙስሊም ቤቶች የማለዳ ምግብ ነው፤ ጥሩነቱም የሚወሰነው ከመነሳትዎ በፊት ነው። ባቄላው ማታ ተዘፍዝፎ፣ ሌሊቱን በቀስታ ሲፈላ ያደረ ከሆነ ልጣጩ ራሱ አፍ ውስጥ ይሟሟል። ለማፋጠን ሶዳ ሲበዛበት ደግሞ ቶሎ ይላላል፣ ግን ሳሙና ሳሙና የሚል ጣዕም ይተዋል። እንደመጣ አንድ ማንኪያ ያለ ዳቦ ይቅመሱ። ልጣጩ ጥርስ ውስጥ ከገባ በደንብ አልበሰለም፤ ሳሙና ካለ በሚቀጥለው ቤት ይቀይሩ።

ሰሐኑ ላይ የሚጨመሩት ዘይት ወይም ቅቤ፣ ሚጥሚጣ ወይም በርበሬ፣ ሽንኩርት፣ ቲማቲም፣ ቃሪያ፣ እንቁላልና እርጎ ናቸው። «ኖርማል» ሲሉ አብዛኛውን ጊዜ ያለ እንቁላል፣ «ስፔሻል» ሲሉ ከእንቁላልና ከእርጎ ጋር ነው። ሆድዎ ቶሎ የሚታወክ ከሆነ፣ በተለይ በክረምት፣ «ጥሬው ሽንኩርትና ቲማቲም ይቅር፤ ቃሪያው ሙሉውን ለብቻ ይምጣ» ይበሉ። ባቄላው ሲፈላ ያደረ ስለሆነ አያሰጋም፤ የሚያሰጋው በምን ውኃ እንደታጠበ የማይታወቀው ጥሬ አትክልት ነው።

ከፉሉ እኩል ዳቦው ይታይ። የጠዋት ዳቦ ሲጫኑት ተመልሶ ይነሳል። ተጨምድዶ ከቀረ የትናንት ነው፤ «ትኩስ የለም?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም። አንድ ፉል ከአንድ ወይም ከሁለት ዳቦ ጋር ይመጣል፤ ተጨማሪው በሒሳብ ነው። ለሁለት ሰው የሚሻለው አንድ ፉልና አንድ ፈቲራ አዝዞ መካፈል ነው። ፈቲራውን ከእንቁላል ጋር፣ ማሩን ዳር ላይ ይበሉ፤ ጠርዙ ሲሰበር ድምፅ ካላሰማ ምጣድ ላይ ሳይሆን ሽፋን ሥር ቆይቷል።

ሌላው ሁሉ በአጭሩ

ገንፎ በእንግድነት ለመጣ ሰው ከምግብ ቤት ይልቅ ሰው ቤት ይቀናዋል። ምግብ ቤት ሲያዝዙ ግማሽ ሰዓት ይስጡ። ከመጣ በኋላ ማንኪያውን መሐሉ ላይ ባለው ቅቤ ውስጥ አይክተቱ፤ ከዳር እየቆረሱ ወደ ቅቤው ይንከሩ፣ አለበለዚያ ግድግዳው ተንዶ ቅቤው ይፈስሳል። ዱቄት ዱቄት ካለ በደንብ ሳይገነፋ ነው የወጣው። ቅንጬ ለታመመ፣ ለልጅና ማታውን ላመሸ ሰው ጥሩ ነው።

እንቁላል ሲያዝዙ ፍርፍር ይሁን ስልስ ለይተው ይናገሩ፤ ስልሱ በርበሬና ቲማቲም ውስጥ የበሰለው ነው፣ እንጀራ ይፈልጋል። ዱለትና ጥብስ ፍርፍር ደግሞ ስጋ ቤት አጠገባቸው ባለ ቤቶች እንጂ ካፌ ውስጥ አይዘዙም። ዱለት ሲያዝዙ ጥሬ፣ ለብለብ ወይም የበሰለ ብለው ካልተናገሩ በቤቱ ልማድ ይመጣል።

ቡናው

አሁን ተነሥተው ይውጡ። ምግብ ቤቱ «ቡና ላምጣ?» ቢልም «አመሰግናለሁ፣ ሒሳብ» ይበሉ።

ጀበና ቡና የሚሸጡት እናቶችና እህቶች በየመንገዱ ዳር፣ በየበረንዳው፣ ሱቅ ደጃፍ ላይ ረከቦት ዘርግተው ይቀመጣሉ። የሚመረጠው ጠዋቱን የሚቆላበት ነው። ጭሱ ካለ፣ ብረት ምጣዱ ከሰሉ አጠገብ ከተቀመጠ እዚያ ይቀመጡ። ትናንት ተቆልቶ በወፍጮ ተፈጭቶ በዕቃ የመጣ ቡና ቀለሙ ይጠቁራል እንጂ ሽታው የለም።

ተቀምጠው ወዲያው «አንድ ቡና» ከማለት በፊት «እናቴ፣ አቦል ነው?» ብለው ይጠይቁ። ቶና ወይም በረካ ላይ ከሆኑ ቡናው ቀጥኗል፤ ቀጭን ካልፈለጉ እስከሚቀጥለው ጀበና ይጠብቁ። ቡናው ገና ሲቆላ ከደረሱ ደግሞ እስከ መጀመሪያው ሲኒ ግማሽ ሰዓት ገደማ ይወስዳል፤ የሚጠበቅም እሱ ነው። ጀበናው ከእሳት ከወረደ በኋላ ዘንበል ብሎ ትንሽ መስከን አለበት። ሰው ስለበዛባት ሳይሰክን የቀዳች እንደሆነ አተላው ሲኒው ውስጥ ይገባል። ሲኒ ሲሰጥዎት ቶሎ አይምቱት፤ ለትንሽ ጊዜ አስቀምጠው የመጨረሻውን አንድ ጉንጭ ይተዉት።

ስኳር የማይወድ ሰው አስቀድሞ ይናገር፤ ብዙዎቹ ስኳሩን ባዶው ሲኒ ውስጥ ቀድመው ስለሚጨምሩ ከተቀዳ በኋላ መመለሻ የለውም። ጨው ያለበት የሚጠጡም አሉ፤ መሞከር ይገባል፣ ግን በማንኪያ ጫፍ። ጤና አዳም ሲኒው ላይ ጣል የማድረግ ልማድም ስላለ፣ ሽታው ከቡናው በልጦ የሚሰማዎት ከሆነ «ጤና አዳሙ ይቅር» ይበሉ፤ ከወደዱት ደግሞ ቡናው እንደሞቀ ቅጠሉን አንዴ ጨመቅ አድርገው ያውጡት፣ ሲቆይ ይመርራል።

የጅማ ገበሬ ቀዩን ቡና በብዛት የሚለቅመው ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ ነው። እስኪደርቅና እስኪፈለፈል ስለሚቆይ አዲሱ ቡና ሲኒ ላይ የሚደርሰው ከጥር ወዲህ ነው። በዚያ ሰሞን የሚመጣ ሰው «የዘንድሮ ነው?» ብሎ ይጠይቅ፤ ሻጭዋ ደስ ብሏት ታሳየዋለች።

ማኪያቶ ለማይቀርበት ሰው፦ ፈረንጅ አራዳ፣ ወተቱ ትኩስ በሚመጣበት ከ2 እስከ 3 ሰዓት። «ጠቆር ያለ» ወይም «ነጣ ያለ» ካላሉ መሐል ላይ ያለ ይመጣል። አረፋው ላይ ትልልቅ ቀዳዳ ካለ ወተቱ ከልክ በላይ ፈልቷል።

መንገደኛ ከሆኑ

ወደ አዲስ አበባ የሚሄደው አውቶቡስ በማለዳ ስለሚነሣ ለቁርስ ጊዜ አይኖርም። ፉል በልተው አይሳፈሩ፤ ወደ ጊቤ የሚወርደው ጠመዝማዛ መንገድ ላይ ይጸጽታል። መናኸሪያው በር ላይ አንድ ሻይ በደረቅ ዳቦ ይብሉና ወልቂጤ ላይ ሞልተው ይብሉ። ከዚያ በፊት የሚያኝኩት ከፈለጉ ከዋዜማው ጭኮ ይግዙ፤ የተቆላ የገብስ ዱቄት በቅቤ የተለወሰ ስለሆነ ሳይበላሽ ይከርማል፣ ሁለት ጉርሻ ይበቃል። በላስቲክ ሳይሆን በክዳን ዕቃ ያስይዙት፤ ጊቤ በረሃ ሲደርሱ ቅቤው ይቀልጣል።

ለክፍያ ካፌና ሆቴል ላይ ቴሌብር ይሠራል። ለፉል ቤትና ለጀበና ቡና ግን ዝርዝር ብር ይያዙ፤ ማለዳ 1 ሰዓት ላይ የ200 ብር ኖት ይዘው ለአንድ ሲኒ ቢቀመጡ፣ መልሱን ፍለጋ ልጅ ተልኮ እስኪመለስ ሁለተኛውንም ሲኒ መጠጣትዎ ነው።